ከግድቡ ሥር የቀረው ዓሣ

ስለ ያንግትዜ ወንዝ ግድቦች ብዙ ተጽፏል። እኔ ከዚያ ታሪክ ውስጥ የምከተለው አንድ ዓሣ ነው፤ ስሙም የቻይና ስተርጅን ይባላል። በቅርፊት ፈንታ አምስት ረድፍ የአጥንት ጋሻ የለበሰ፣ እስከ 4 ሜትር የሚረዝም ፍጡር ነው። የሚያድገው በባሕር ሲሆን ለመራባት ወደ ወንዙ ይመለሳል። ሴቲቱ ለዚህ የምትደርሰው ከ14 ዓመት ግድም በኋላ ነው፤ ቀድሞ ከ2,500 ኪሎ ሜትር በላይ ሽቅብ ትጓዝ ነበር፣ ያውም ምግብ ሳትቀምስ።

በጃንዋሪ 1981 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) የገዦባ ግድብ በዪቻንግ ከተማ ወንዙን ዘጋው። ለዓሣ መተላለፊያ አልተበጀለትም። በ1982 ግን መንገዱ የተቆረጠበት ስተርጅን ከግድቡ ሥር ባለች ጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ ዕንቁላሉን ሲጥል ተገኘ። እንደ እኔ ግምት ጉዳቱን አሳንሶ ያሳየው ይኸው ጽናቱ ነው።

ሁለተኛው ምት የመጣው በሙቀት ነው። በ2003 ውኃ መያዝ የጀመረው የሦስቱ ሸለቆዎች ግድብ የሞቃቱን ወራት ሙቀት አቁሮ እስከ መጸው ያቆየዋል። ስተርጅን ዕንቁላል የሚጥለው ውኃው ወደ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በታች ሲቀዘቅዝ ነውና ወቅቱ ከኦክቶበር ወደ ኖቬምበር ተገፋ። በ2013 ዕንቁላል ሳይገኝ ቀረ፤ በ2016 ታየ፤ ከ2017 ጀምሮ ለተከታታይ ዓመታት ጠፋ።

ቻይና ከ1980ዎቹ ጀምሮ በሰው እጅ የተፈለፈሉ ጫጩቶችን ወደ ወንዙ ትለቃለች፤ በ2021 ደግሞ ዓሣ ማስገርን ለ10 ዓመት አግዳለች። ከጫጩቶቹ ባሕር የሚደርሱ አሉ። አድገው ሲመለሱ የሚጠብቃቸው ግን ያው ግድብና ያው የዘገየ ቅዝቃዜ ነው።