የመገንባትና የስልት ጨዋታዎች በልጆች ትምህርት

የመገንባትና የስልት ጨዋታዎች ልጆች በእጃቸው እየገጣጠሙ፣ እያፈረሱና መልሰው እየሠሩ፣ ወይም ከባላጋራ ጋር ተቀምጠው ቀጣዩን እርምጃ አስቀድመው እያሰሉ የሚማሩባቸው ጨዋታዎች ናቸው። በኢትዮጵያ ከመጀመሪያው ወገን የሽቦ መኪና፣ የጭቃ ከብት፣ ኩሽኔታና የአገዳ ቤት፣ ከሁለተኛው ወገን ደግሞ ገበጣ፣ ሰንጠረዥና ዳማ ይጠቀሳሉ። እነዚህ ከፋብሪካ ተሠርተው ከሚመጡት የሚለዩበት ዋናው ነገር መጫወቻው ራሱ ከጨዋታው በፊት መሠራት ያለበት መሆኑ ነው። ጉድጓዱን የሚቆፍረው፣ ጠጠሩን የሚለቅመው፣ ሽቦውን የሚያጥፈው ልጁ ራሱ ስለሆነ ትምህርቱ የሚጀምረው ገና ጨዋታው ሳይጀመር ነው።

ኦሎምፒያና አካባቢዋ

ኦሎምፒያ ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ አየር ማረፊያ በሚወስደው የአፍሪካ ጎዳና ላይ፣ ወሎ ሰፈር ሳይደረስ የምትገኝ የአዲስ አበባ ሰፈር ናት። ሰፈሯ የልጆች ጨዋታ በከተማዋ ምን ያህል እንደተለወጠ በግልጽ ይታይባታል። በዋናው መንገድ ዳር ባሉት የገበያ ሕንፃዎች በሣጥን የታሸጉ የፕላስቲክ መገጣጠሚያዎች ይሸጣሉ፤ ማንም ይሥራቸው ማን፣ ገዢውም ሻጩም ሁሉንም «ሌጎ» ይላቸዋል። ከዋናው መንገድ ገባ ሲባል ደግሞ ግንባታ አለ። ከግንባታ የሚተርፈው የፌሮ ማሰሪያ ሽቦና የጣውላ ቁራጭ ለብዙ የአዲስ አበባ ልጆች የመጀመሪያው የመገጣጠሚያ ዕቃ ሆኖ ኖሯል። በሱቅ ደጅና በታክሲ ተራ አካባቢ በቆርኪ ዳማ የሚጫወቱ ወጣቶችን ማየትም የተለመደ ነው።

የተለወጠው ቦታው ነው። ገበጣ መሬት ይፈልጋል፤ የሽቦ መኪና የሚነዳበት፣ ኩሽኔታ የሚንደረደርበት መንገድ ይፈልጋል። ግቢ ያላቸው ቤቶች ፈርሰው ፎቅ ሲተካባቸውና የውስጥ መንገዱ በመኪና ሲሞላ ልጁ ወደ ሳሎንና ወደ ስልክ ይገባል። ከተማዋ ይህን ለማካካስ የሞከረችባቸው መንገዶች አሉ። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» በተመረጡ እሑዶች ዋና ዋና ጎዳናዎችን ለመኪና ዘግቶ ለእግረኛና ለልጆች ጨዋታ ክፍት አድርጓል። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት የቦሌ መንገድ የእግረኛ መሄጃ ሰፍቷል፤ የከተማ አስተዳደሩ የቀዳማይ ልጅነት ዕድገት ፕሮግራምም የልጆች መጫወቻ ቦታዎችን ከሥራው አንዱ አድርጎ ይዟል። ሆኖም ሸርተቴና ዥዋዥዌ የሚሰጡት ሩጫና ዝላይ ነው፤ ልጅ ቁጭ ብሎ የሚቆፍርበትና የሚያፈርስበት ጥግ አሁንም አልተለመደም።

የሽቦ መኪና

ከአገር ውስጥ የመገንባት ጨዋታዎች ሁሉ ብዙ ትምህርት የያዘው የሽቦ መኪና ነው። ዕቃው ሽቦ፣ ለጎማ የሚሆን ቆርኪ ወይም የፕላስቲክ ክዳን፣ አንዳንዴም ካረጀ ሸበጥ ተቆርጦ የወጣ ክብ ነው። መገጣጠሚያው ከካላማዳሪ በተሸነሸነ ቀጭን የጎማ ክር ይታሰራል። ከፊተኛው አክስል የሚነሣ ረጅም ሽቦ ወይም ዱላ እስከ ልጁ ደረት ይደርስና ጫፉ በመሪ ቅርጽ ይታጠፋል። ልጁ ከኋላ እየሮጠ መሪውን ሲያዞር የፊት ጎማዎቹ ይዞራሉ።

ሥራውን በቅርብ ላየ ሰው እያንዳንዱ ብልሽት ጥያቄ ነው። አራት ማዕዘን ተደርጎ የታጠፈ ሽቦ ጎኑን ሲገፉት ይጣመማል፤ ልጁ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን አንድ ተጨማሪ ሽቦ ሲያስር ግን ይቆማል። ሦስት ማዕዘን እንደማይጣመም መሐንዲስ በትምህርት ቤት የሚማረውን ልጁ በጣቱ ያውቀዋል። የፊትና የኋላ አክስል ትይዩ ካልሆኑ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይስባል። የቆርኪው ቀዳዳ ከመሐል ትንሽ ፈቀቅ ካለ መኪናው እየነጠረ ይሄዳል። ስለዚህ ልጁ የክብ መሐል የት እንዳለ መፈለግ ግድ ይለዋል፤ ፈልጎ ያገኘውንም አይረሳውም።

ኩሽኔታ የዚሁ ታላቅ ወንድም ነው። ያገለገሉ የመኪና ኩሽኔታዎች በጣውላ ሥር ይገጠማሉ፤ የፊተኛው እንጨት በአንድ ብሎን ብቻ ስለሚያያዝ በእግር ወይም በገመድ ይዘወራል። ለዚህ የሚሆነው ብረታ ብረት በመርካቶ ምናለሽ ተራ የሚገኝ ሲሆን፣ ልጆች ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሰፈር ጋራዥ ለምነው ይወስዱታል። ልመናው፣ ድርድሩና ከጋራዥ ሠራተኛ የሚገኘው ምክርም ከትምህርቱ ይቆጠራል። በገጠር እረኛ ልጆች ከጭቃ ከብት ሠርተው ያደርቃሉ፣ ከበቆሎና ከማሽላ አገዳ ቤትና በረት ያቆማሉ፣ ከሸምበቆ ዋሽንት ይበሳሉ። ዋሽንት የሚበሳ ልጅ የቀዳዳው ርቀት ድምፁን እንደሚለውጥ ማንም ሳይነግረው ይደርስበታል።

ገበጣ

ገበጣ በጉድጓዶች ውስጥ ጠጠር ወይም ፍሬ እየዘሩ የሚጫወቱት፣ በዓለም ማንካላ በሚል የወል ስም የሚታወቀው የጨዋታ ቤተሰብ አባል ነው። ዛሬ በኤርትራ ከሰንዓፈ አጠገብ በምትገኘው በመጠራ፣ በአክሱም ዘመን ፍርስራሽ መካከል፣ በድንጋይ ላይ የተፈለፈሉ የገበጣ ጉድጓዶች ናቸው ተብለው የሚታመኑ ረድፎች ተገኝተዋል። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተር የነበሩት ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር መጽሔት ባወጡት ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ የሚጫወቱትን ከመቶ በላይ የገበጣ ዓይነቶች መዝግበዋል። ከእነዚህ መካከል ባለ 3 ረድፉ ልዩ ትኩረት ይገባዋል። በሌላው ዓለም ማንካላ በ2 ወይም በ4 ረድፍ ሲጫወቱት ባለ 3 ረድፉ የሚታወቀው በአፍሪካ ቀንድ ነው።

አጨዋወቱ ከአገር አገር ቢለያይም መሠረቱ አንድ ነው። ተጫዋቹ ከአንድ ጉድጓድ ያለውን ጠጠር በሙሉ ያነሣና በተከታዮቹ ጉድጓዶች አንድ አንድ ይጥላል፤ የመጨረሻው ጠጠር ያረፈበት ቦታ መብላት አለመብላቱን ይወስናል። ባለ 2 ረድፍ፣ 12 ጉድጓድ ሰሌዳ ላይ በየጉድጓዱ 4 ጠጠር ሲደረግ ጨዋታው በ48 ጠጠር ይጀመራል። ልጁ እጁን ከማስገባቱ በፊት «ከዚህ 7 ባነሣ የት ይደርስልኛል?» ብሎ በዓይኑ ይቆጥራል። ጉድጓዱ 12 ጠጠር ሲኖረው የመጨረሻው ጠጠር ዞሮ ከተነሣበት እንደሚያርፍ፣ 13 ሲሆን አንድ እንደሚያልፍ ጥቂት ከተጫወተ በኋላ ሳይቆጥር ያውቃል። ማካፈልና ቀሪ የሚባለውን ነገር በወረቀት ከማየቱ በፊት በእጁ ይዞታል ማለት ነው። ለአንደኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ከዚህ የረከሰ መሣሪያ አይገኝም፤ በክፍል ውስጥ እምብዛም አለመታየቱም ያሳዝናል።

ሌላም ነገር አለ። ሕጉ ከሰፈር ሰፈር ስለሚለያይ ሁለት ልጆች መጀመሪያ በየትኛው ሕግ እንደሚጫወቱ መስማማት አለባቸው። ማን ይጀምራል? ዙሩ ወዴት ነው? የተበላ ጠጠር የማን ነው? በሣጥን የሚመጣ ጨዋታ ይህን ሁሉ በመመሪያ ወረቀት ጨርሶት ስለሚመጣ ልጆቹ የመደራደሩን ዕድል ያጣሉ።

ሰንጠረዥና ዳማ

ሰንጠረዥ ከጥንታዊው የፋርስና የዓረብ ሻትራንጅ ጋር የሚዛመድ የኢትዮጵያ ቼዝ ነው። ሰሌዳው 8 በ8 ሆኖ ካሬዎቹ በቀለም አይለዩም፤ በቤተ መንግሥትና በመኳንንት ቤት ብዙ ጊዜ በቀይ ጨርቅ ላይ መስመር ተሰፍቶ ይዘጋጅ ነበር። ጠጠሮቹ ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊል፣ ፈረስ፣ ደርና መደቅ ይባላሉ። ፈርዝ በዛሬው ቼዝ ንግሥቲቱ ያለችበትን ቦታ ቢይዝም ኃይሉ ትንሽ ነው፤ በሰያፍ አንድ ካሬ ብቻ ይራመዳል። ፊል ደግሞ በሰያፍ ወደ ሁለተኛው ካሬ ይዘላል።

ከሌላው ዓለም ቼዝ ሁሉ የሚለየው ግን አጀማመሩ ነው። ወረራ በሚባለው በዚህ ክፍል ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ እያንዳንዱ እንደ እጁ ፍጥነት፣ ጦራቸውን ያሰልፋሉ፤ የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃና ጨዋታው በተራ ይቀጥላል። ተጫዋቹ የራሱን አሰላለፍ እየሠራ የባላጋራውን እጅ መከታተል አለበት፤ እርሱ ያንን ካደረገ እኔ ይህን ልለውጥ እያለ ያስባል። አሸናፊነትም መልክ ነበረው፤ በደር ወይም በፈረስ ከመርታት ይልቅ ደካማ በሆኑት ጠጠሮች መርታት የበለጠ ያስመሰግን ነበር። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ትግራይን የጎበኘው እንግሊዛዊ ሄንሪ ሶልት የአገሩ ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ ማየቱን ጽፏል፤ እቴጌ ጣይቱም በጨዋታው ይታወቁ ነበር። ጨዋታው ከመኳንንቱ ቤት እምብዛም ስላልወጣ፣ ቤተ መንግሥቱና ልማዱ ሲለወጡ አብሮ ተዳክሟል። የዛሬ ልጆች በየትምህርት ቤቱ የሚማሩት ዓለም አቀፉን ቼዝ ነው። በቼዝ ክበብ ውስጥ በሳምንት አንዴ እንኳ ወረራን ማስጀመር የሚከብድ አይደለም፤ የሚያስፈልገው ያው የቼዝ ጠጠርና መስመር የተሰመረበት ጨርቅ ነው።

ዳማ በተቃራኒው የሕዝብ ሆኖ ቆይቷል። ሰሌዳው በካርቶን ወይም በጣውላ ላይ ይሰመራል። 24 ቆርኪ ይበቃል፤ 12ቱ ፊታቸውን ወደ ላይ፣ 12ቱ ወደ ታች ያደርጋሉ። ከተመልካቹ መካከል ዝም የሚል የለም፤ ልጅ ከታላላቆቹ ትከሻ ሥር ቆሞ ለምን እንዲያ እንደሄዱ ሲከራከሩ እየሰማ ይማራል።

በትምህርት ቤት

በመጫወቻ ማስተማር እንደ ትምህርት ሥርዓት መልክ የያዘው በአውሮፓ ነው። ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ፍሮቤል እ.ኤ.አ. በ1837 በጀመረው ተቋም የእንጨት ኳስ፣ ኩብና ሲሊንደር ለሕፃናት ትምህርት አዋለ፤ ማሪያ ሞንቴሶሪ እ.ኤ.አ. በ1907 በሮም የከፈተችው የልጆች ቤትም ልጁ በእጁ እየነካ ስሕተቱን ራሱ የሚያርምባቸውን ዕቃዎች አስተዋወቀ። የዛሬው የሌጎ ጡብ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1958 በዴንማርክ ነው። 6 ባለ 8 ጉብታ፣ አንድ ቀለም ያላቸው ጡቦች በ915,103,765 መንገዶች ሊገጣጠሙ መቻላቸው ከጥቂት ቁራጭ ምን ያህል ሐሳብ እንደሚወጣ ያሳያል።

በኢትዮጵያ በደርግ ዘመን የተቋቋሙት የአውራጃ ፔዳጎጂ ማዕከላት መምህራን ከአካባቢ ቁሳቁስ የማስተማሪያ መርጃ እንዲሠሩ ያግዙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የቀዳማይ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት ፖሊሲ ማዕቀፍ ከመዋዕለ ሕፃናትና ከኦ-ክፍል ጋር «ከልጅ ለልጅ» የተባለውንም መንገድ ይዟል፤ በዚህ ታላላቅ ተማሪዎች ትናንሾቹን በጨዋታ ፊደልና ቁጥር ያስለምዳሉ። የሌጎ ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ በኢትዮጵያና በኡጋንዳ በስደተኛና በተቀባይ ማኅበረሰብ ላሉ ልጆች ለሚውለው ፕሌይማተርስ ለተባለ ፕሮጀክት 100 ሚሊዮን ዶላር ለዓለም አቀፉ የነፍስ አድን ኮሚቴ ሰጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 በአዲስ አበባ የተመሠረተው አይኮግ ላብስ ሮቦትና ሶፍትዌር ላይ ሲሠራ፣ ከእርሱ ጋር የተያያዘውና በቤተልሔም ደሴ የሚመራው ፕሮግራም ልጆችንና ወጣቶችን ኮድ መጻፍና ሮቦት መገጣጠም አስተምሯል። ሮቦቱን ለመገጣጠም የተቀመጠ ልጅ የሽቦ መኪና ሠርቶ የሚያውቅ ከሆነ ጎማው ለምን እንደሚስብ ከማንም በፊት ይገባዋል።

በቤት ውስጥ

ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ ጠጠር፣ ቆርኪና ትናንሽ መገጣጠሚያዎች ትንታ ስለሚያስከትሉ አይሰጡም። የሽቦ ጫፍ ወደ ውስጥ መታጠፍ አለበት፤ ማግኔት ያለባቸው መጫወቻዎች ማግኔታቸው እንዳይወልቅ መታየት አለበት።

መሬት በሌለው የኮንዶሚኒየም ቤት ገበጣ ለመጫወት 30 እንቁላል የሚይዘው የካርቶን መያዣ ይበቃል። መያዣው በ5 ረድፍ፣ በየረድፉ 6 ጉድጓድ አለው። ከሁለተኛው ረድፍ በኋላ በመቀስ ሲቆረጥ አንደኛው ወገን ባለ 2 ረድፍ 12 ጉድጓድ ሰሌዳ ይሆናል፤ የተረፈው ባለ 3 ረድፍ 18 ጉድጓድ ይሆናል። በመጀመሪያው ላይ በየጉድጓዱ 4፣ በሁለተኛው ላይ 3 ሽምብራ ወይም ባቄላ ይደረጋል። ለሁለቱ ሰሌዳዎች በአንድ ጊዜ 102 ፍሬ ያስፈልጋል፤ ቆጥሮ የሚያዘጋጀውም ልጁ ነው።