የፊላደልፊያዋ ትንሽ ክሮሞዞም

ተመራማሪው ፒተር ኖውል የሉኪሚያ (የደም ካንሰር) ሕዋሳት ያሉበትን መስታወት በቧንቧ ውኃ አለቀለቁት። ሕዋሳቱ አበጡ፤ ክሮሞዞሞቻቸውም ተበታትነው ታዩ። እሳቸውና ዴቪድ ሀንገርፎርድ ሥር የሰደደ የደም ካንሰር ባለባቸው ሕሙማን ላይ አንዲት ያጠረች ክሮሞዞም ማግኘታቸውን በ1960 እ.ኤ.አ. አስታወቁ። በከተማቸው ስም «የፊላደልፊያ ክሮሞዞም» ተባለች።

የጎደለው ቁራጭ የት ገባ? መልሱ 13 ዓመት ፈጀ። የቺካጎዋ ተመራማሪ ጃኔት ራውሊ የክሮሞዞም ፎቶግራፎችን ቆራርጠው ቤታቸው ባለው የምግብ ጠረጴዛ ላይ እየደረደሩ ሲያነጻጽሩ፣ 9ኛውና 22ኛው ክሮሞዞም ቁራጭ መለዋወጣቸውን ደረሱበት።

ልውውጡ የሚፈጥረውንና ካንሰሩን የሚያስከትለውን ፕሮቲን የሚያግደው ግሊቬክ የተባለው ክኒን ከ1998 ጀምሮ በሐኪሙ ብራያን ድሩከር መሪነት በሕሙማን ላይ ተሞክሮ በ2001 በአሜሪካ ጸደቀ።

ዛሬ ለዚህ በሽታ ክኒኑ ከመታዘዙ በፊት ልውውጡ መኖሩ በዘረመል ምርመራ ይረጋገጣል።