ቃናን ያለ ጉዳት ማረም፤ የባክሳንዶል ሰርኪዩት ታሪክ

በድምፅ ማጉያ ወይም በአምፕሊፋየር ፊት ላይ ጎን ለጎን የሚተከሉት ሁለት ማዞሪያዎች፣ አንዱ ለወፍራሙ፣ ሌላው ለቀጭኑ ድምፅ፣ እጅግ የተለመዱ ከመሆናቸው የተነሣ ታሪክ ያላቸው አይመስሉም። ይሁን እንጂ ዛሬ የሚታወቁበትን ጠባይ ያገኙት እንግሊዛዊው መሐንዲስ ፒተር ባክሳንዶል በ1952 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ንድፍ ነው። ከዚያ በፊት ማጉያ በቤቱ የሠራ ሰው የቃና መቆጣጠሪያ ልጨምርበት ቢል፣ በብዙ ድካም ያገኘውን የድምፅ ጥራት በከፊል መልሶ ማጣቱ አይቀርም ነበር።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በብሪታንያ የራዲዮ ሙያ የተማሩ ብዙ ወጣቶች ከሠራዊቱ ተሰናብተው ነበር። ከጦሩ የተረፉ ትራንስፎርመሮች፣ ካፓሲተሮችና ቫልቮች፣ ማለትም ትራንዚስተር ከመስፋፋቱ በፊት የማጉላቱን ሥራ ይሠሩ የነበሩት የመስታወት ቱቦዎች፣ በርካሽ ይሸጡ ነበር። በ1947 እ.ኤ.አ. ዲ. ቲ. ኤን. ዊልያምሰን «ዋየርለስ ወርልድ» በተባለው መጽሔት የ15 ዋት ማጉያ ንድፍ አሳተሙ። የድምፅ መዛባቱ ከ0.1 በመቶ የማይበልጥ በመሆኑ ንድፉ በየቤቱ ለሚሠሩት ሁሉ መመዘኛ ሆነ።

ነገር ግን እንከን የሌለበት ማጉያ የሌላውንም እንከን ሳይቀንስ ያጎላል። መርፌው የቆየ ሸክላ ሲፍቅ የሚያሰማው ድምፅ በጉልህ ይሰማ ጀመር። ሸክላ የሚያትሙት ኩባንያዎችም በ1954 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አንድ መለኪያ እስኪወጣ ድረስ ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ የሚቀርጹበት መጠን የተለያየ ነበር። የሰው ጆሮም ራሱ እኩል አይሰማም፤ ድምፅ ዝቅ ሲል ወፍራሙ ክፍል ከቀረው ይልቅ ቶሎ እንደሚጠፋ ፍሌቸርና መንሰን በ1933 እ.ኤ.አ. አሳይተዋል። ስለዚህ ቃናን ማረም ቅንጦት ሳይሆን አስፈላጊ ነበር።

በዚያን ጊዜ ይታወቅ የነበረው መንገድ በሬዚስተርና በካፓሲተር ብቻ የሚሠራ ሰርኪዩት ነበር። ከእነዚህም ውስጥ ኢ. ጄ. ጄምስ በ1949 እ.ኤ.አ. በዚያው መጽሔት ያቀረቡት ንድፍ ይገኝበታል። እንዲህ ያለው ሰርኪዩት ከራሱ ኃይል የለውም፤ አንዱን ክፍል ከፍ የሚያደርገው ሌላውን ሁሉ አስቀድሞ ዝቅ በማድረግ ነው። የ20 ዴሲቤል ጭማሪ ከተፈለገ መላው ምልክት ወደ አንድ አሥረኛ መቀነስ አለበት። የጠፋውን ለመመለስ ሌላ ቫልቭ ያስፈልጋል፤ ቫልቩም የራሱን ጫጫታና መዛባት ይጨምራል። ከዚህም ሌላ ይህ ሰርኪዩት የሚፈልጋቸው ሎጋሪዝማዊ ተለዋዋጭ ሬዚስተሮች በትክክል ተመሳስለው ስለማይሠሩ፣ ማዞሪያው መካከል ላይ ቢቆም እንኳ ድምፁ ሳይነካ ስለ ማለፉ ማረጋገጫ አልነበረም። በዚህ ምክንያት የቃና መቆጣጠሪያን ከነጭራሹ ማስወገድ ይሻላል የሚሉ ነበሩ።

ለችግሩ መፍትሔ የሆነው ሐሳብ ቀደም ብሎ ተገኝቶ ነበር። አሜሪካዊው ሃሮልድ ብላክ በኦገስት 1927 እ.ኤ.አ. በጀልባ የሀድሰንን ወንዝ አቋርጠው ወደ ሥራቸው ሲሄዱ፣ የተቃራኒ ግብረ መልስን ሐሳብ በያዙት ጋዜጣ ላይ ጻፉ። ከማጉያው ከሚወጣው ምልክት ከፊሉ ተገልብጦ ወደ መግቢያው ሲመለስ ማጉያው የራሱን ስሕተት ይቀንሳል። ዊልያምሰን መዛባትን ያሸነፉት በዚሁ ዘዴ ነበር።

ባክሳንዶል በማልቨርን ከተማ በመንግሥት የምርምር ተቋም የሚሠሩ መሐንዲስ ነበሩ። ያደረጉትም የቃናውን ሰርኪዩት ከማጉያው ፊት አንሥተው በግብረ መልሱ ቀለበት ውስጥ ማስገባት ነው። የተለዋዋጭ ሬዚስተሩ አንድ ጫፍ ወደ መግቢያው፣ ሌላው ጫፍ ወደ መውጫው ይያያዛል፤ ተንቀሳቃሹ መካከለኛ መያዣ ወደ ቫልቩ ይሄዳል። ማዞሪያው በመካከል ሲሆን ሁለቱ ክንዶች እኩል ስለሚሆኑ የገባው ምልክት በሁሉም ድግግሞሽ መጠኑ ሳይለወጥ ይወጣል። ወደ መግቢያው ሲዞር የተመረጠው ክፍል ይጨምራል፤ ወደ መውጫው ሲዞር በዚያው ልክ ይቀንሳል። የትኛው ክፍል እንደሚነካ የሚወስኑት ካፓሲተሮቹ ናቸው። ማስተካከያው የሚሠራው በዙሩ ልክ በሚለዋወጥ ተራ ሬዚስተር ስለሆነ መካከሉ በእርግጥ መካከል ሆነ። አንዱ ቫልቭም ግብረ መልሱ ስለሚገታው የሚጨምረው መዛባት እጅግ አነስተኛ ነው።

ንድፉ በኦክቶበር 1952 እ.ኤ.አ. በ«ዋየርለስ ወርልድ» ሲወጣ ካውያ የያዘ ሁሉ ሊሠራው የሚችል ነበር። ከዚያ በኋላ ቫልቭ በትራንዚስተር፣ ትራንዚስተርም በተቀናጀ ሰርኪዩት ሲተካ የባክሳንዶል ሐሳብ ግን አብሮ ተሸጋገረ። እርሳቸው በ1995 እ.ኤ.አ. ቢያርፉም በኮምፒዩተር የሚሠሩ የድምፅ ማረሚያዎች እንኳ እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራሉ።

የቃና መቆጣጠሪያ ድምፅን ያበላሻል በማለት ያለ ማዞሪያ ማጉያ የሚሠሩ ኋላም አልጠፉም። ክርክሩ ጨርሶ ከንቱ አይደለም፤ በደንብ ያልታሰበ ማረሚያ በእርግጥ ያበላሻልና። የባክሳንዶል ሥራ የሚያስተምረው ግን ጉዳቱ በማረም ውስጥ ያለ ግዴታ ሳይሆን ከአሠራሩ የሚመጣ መሆኑን ነው። ጥሩ ማረሚያ በሚፈለግበት ጊዜ ይሠራል፤ በማይፈለግበት ጊዜ ደግሞ እንደሌለ ይሆናል። መሐንዲስ ነባሩን ሥርዓት ለማሻሻል አዲስ ክፍል ሲጨምር፣ ክፍሉ ምን እንደሚጨምር ብቻ ሳይሆን ሥራ በማይሰጠው ጊዜ ነባሩን ሳይነካ መቆየት መቻሉንም ሊጠይቅ ይገባዋል።