ስሟ ማን ነው?

ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ውኃ የለውም፤ አሸዋ ብቻ ነው። ከዚራን ከመጋላ ለይቶ የሚያልፈው ይህ ደረቅ ወንዝ በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት ሞልቶ የስንት ወገኖቻችንን ሕይወት እንደ ቀጠፈ ድሬዳዋ አትረሳውም። በበጋ ማለዳ ግን የዋህ ነው። አንድ እሑድ ከሰባት ዓመት ልጄ ጋር በዳርቻው ስናዘግም አንዲት ወፍ በቀጭን፣ ቆልማማ መንቆሯ መሬቱን ስትቆፍር አገኘናት። ገላዋ የሸክላ ቀለም፣ ክንፏ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር፣ በራሷም ላይ እንደ ማራገቢያ የሚዘረጋ ቁንጮ ነበራት።

«አባዬ፣ ስሟ ማን ነው?»

«ወፍ ናት።»

«ወፍ መሆኗንማ አየሁ!»

አፈርኩ። ቀኑን ሙሉ በባንክ መስኮት ስምን ከፊርማ ሳመሳክር የምውል ሰው፣ በደጄ የምትኖረውን ፍጥረት ስም አላውቅም።

ማታ መልኳን ለአንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ብነግራቸው፣ «ይቺማ ሁድሁድ ናት» አሉ። በቅዱስ ቁርኣን፣ በአን-ነምል ምዕራፍ፣ ንጉሥ ሱለይማን ወፎቹን ሲቃኝ ጠፍታ የቆየችው፣ በኋላም የሳባን ንግሥት ወሬ ይዛ የመጣችው እርሷ መሆኗን ለልጄ አጫወቷት። እኔም መጽሐፍ ቅዱሴን ገለጥሁ፤ በዘሌዋውያን 11፥19 ከማይበሉት ወፎች መካከል «ጅንጅላቴ» ተብላ ተጽፋለች። ስዊድናዊው ሊኒየስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1758 «ኡፑፓ ኤፖፕስ» ብሎ መዝግቧታል። ዐረቡም ላቲኑም ግሪኩም ስሟን የቀዱት «ሁፕ-ሁፕ-ሁፕ» ከሚለው ድምፅዋ ነው። ልጄ ይህን ስትሰማ፣ «ታዲያ እርሷ ስሟን እየተናገረች እኛ ነን ያልሰማናት!» አለች።

ከዚያ ወዲህ ቀና ብለን ማየት ጀመርን። ከተማችን በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር ሲደርስ የተቆረቆረች የእንግዳ መቀበያ ናት። ወፎች ግን ከሐዲዱ እጅግ ቀድሞ በዚያው በጅቡቲ በኩል ይመጡ ነበር። ንስርና ጭልፊትን የመሰሉ አዳኝ ወፎች በሞቃት አየር ላይ ተንሳፈው ስለሚጓዙ ሰፊ ባሕር ማቋረጥ ይከብዳቸዋል፤ ስለዚህ በጥቅምትና በኅዳር ከዐረብ ምድር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ በሚሰፋው በባብ ኤል ማንደብ ይሻገራሉ። እ.ኤ.አ. በ1987 መጸው በዚያ በተደረገ ቆጠራ ከ200 ሺህ በላይ አዳኝ ወፎች ተመዝግበዋል። ብዙዎቹ መንገዳቸውን ወደ አፋር ዝቅተኛ ምድርና ወደ ስምጥ ሸለቆ ይቀጥላሉ።

አይቶ አለመመዝገብ ምን እንደሚያስከትል በአገራችን የታየ ታሪክ አለ። ጣሊያናዊው ልዑል ኤውጄኒዮ ሩስፖሊ በደቡብ ኢትዮጵያ ሲዘዋወር እ.ኤ.አ. በ1893 ዝሆን ገደለው። ከጓዙ መካከል ከዚያ በፊት ያልታወቀች ያማረች ወፍ ቆዳ ተገኘ። ሳልቫዶሪ የተባለ ሊቅ በ1896 በሟቹ ስም ሰየማት፤ ነገር ግን የት እንደ ተያዘች የሚገልጽ ጽሑፍ አልነበረም። መኖሪያዋ የታወቀው ከአርባ ዓመታት በላይ ዘግይቶ፣ በ1940ዎቹ ነው። የአካባቢው ሰዎች በእነዚያ ዓመታት ሁሉ በየማለዳው ያዩዋት እንደ ነበር አልጠራጠርም። የጠየቃቸው ግን አልነበረም።

እኛም ደብተር ገዛን። ቀን፣ ቦታ፣ መልክ፣ ድምፅ እንጽፋለን፤ ስሙን ካላወቅን ቦታውን ባዶ ትተን ሽማግሌዎችን በአማርኛም በኦሮምኛም በሶማሊኛም እንጠይቃለን። ከየቤቱ የምናገኘው ስም ከመጽሐፍ ከምናገኘው አያንስም፤ ከአዛውንቱ ጋር የሚቀበር ስም ግን ሐኪም የለውም።

የመጀመሪያው ገጽ በልጄ እጅ የተጻፈ ነው፦ «እሑድ። ደቻቱ። አንድ ሁድሁድ።» ጽፋ እንደ ጨረሰች ብዕሩን ሰጠችኝ።

«አንተም አይተሃታል፤ ፈርምበት።»

ፈረምሁ።