ልብና እግር በሚሊ ሰከንድ ሲለኩ

የአንድ ሰው ልብ በደቂቃ 60 ጊዜ ይመታል ሲባል፣ እንደ ግድግዳ ሰዓት በየሰከንዱ አንድ ጊዜ ይመታል ማለት አይደለም፡፡ በአንዱ ምትና በሚቀጥለው መካከል ያለው ጊዜ አንዴ 940 ሚሊ ሰከንድ፣ አንዴ 1,050፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ 990 ሊሆን ይችላል፡፡ ይህን የሰማ ሁሉ መጀመሪያ የሚደነግጠው መለዋወጡ የበሽታ ምልክት ስለሚመስለው ነው፡፡ ነገሩ ግን በአብዛኛው ተቃራኒ ነው፡፡ በእረፍት ላይ ያለ ጤናማ ልብ መለስ ቀለስ ይላል፤ የደከመ፣ የታመመ ወይም የተጨነቀ ሰው ልብ ግን እንደ ማሽን አንድ ወጥ ወደ መሆን ያዘነብላል፡፡

ምክንያቱ ልብ ላይ የሚያዙት ነርቮች ሁለት ዓይነት መሆናቸው ነው፡፡ አንዱ ወገን ለሩጫ፣ ለጠብና ለድንጋጤ የሚያዘጋጅ፣ ምቱን የሚያፈጥን ነው፡፡ ሌላው፣ ዋና መስመሩ ቬገስ የሚባለው ነርቭ የሆነው፣ ረገብ የሚያደርግ ነው፡፡ አየር ስንስብ የቬገስ ጫና ላላ ስለሚል ልብ ይፈጥናል፤ ስናስወጣ ዝግ ይላል፡፡ አንባቢ ይህን ለማረጋገጥ ላቦራቶሪ አያስፈልገውም፤ ጣትን የእጅ አንጓ ላይ አሳርፎ በዝግታ መተንፈስ ይበቃል፡፡ ጀርመናዊው ካርል ሉድቪግ ይህንኑ እ.ኤ.አ. በ1847 በመሣሪያ መዝግቦት ነበር፡፡

ሕክምናው ለጉዳዩ ትኩረት የሰጠው ግን ዘግይቶ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመና የልብ ድካም የያዛቸውን ሳይሆን የልብ ሕዋስ ሞት (በተለምዶ የልብ ጥቃት የምንለው) ደርሶባቸው የተረፉ 808 ሕሙማንን የተከታተለ ጥናት፣ የምት ልዩነታቸው ከ50 ሚሊ ሰከንድ በታች የሆነው ሰዎች የመሞት ዕድል ከ100 በላይ ከሆነው ጋር ሲነጻጸር 5.3 እጥፍ መሆኑን አሳየ፡፡ በ1996 ደግሞ የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ የልብ ባለሙያዎች ማኅበራት አንድ የጋራ የአለካክ መመሪያ አወጡ፡፡ ዛሬም ተመራማሪዎች የሚጠቅሱት እሱኑ ነው፡፡

ስፖርቱ ጋ የገባው በፊንላንድ በኩል ነው ማለት ይቻላል፡፡ ፖላር የተባለው ኩባንያ በደረት ላይ የሚታሰርና ገመድ የሌለው የልብ ምት መለኪያ ገበያ ላይ ያዋለው በ1982 ነው፡፡ በ2007 የፊንላንድ ተመራማሪዎች 26 ወንዶችን ይዘው ለአራት ሳምንታት ሠርተው ነበር፡፡ ከፊሎቹ አስቀድሞ በተጻፈ ፕሮግራም ሮጡ፤ ሌሎቹ በየማለዳው ልባቸው ተለክቶ፣ መለዋወጡ ሲቀንስ ቀላል ልምምድ ወይም እረፍት፣ ደህና ሲሆን ከባድ ልምምድ ተሰጣቸው፡፡ ከፍተኛውን የሩጫ ፍጥነታቸውን ይበልጥ ያሻሻሉት ሁለተኞቹ ናቸው፡፡ ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ሐሳቡ ግን ትልቅ ነበር፡፡ ስለ አሠልጣኝ ያለንን ሥር የሰደደ ግንዛቤ፣ ማለትም “የተጻፈው ይሮጣል” የሚለውን ይሞግታል፡፡

እዚህ ላይ ገበያው የማይነግረን ነገር አለ፡፡ የአንድ ማለዳ ቁጥር ብዙም አያስረዳም፡፡ ትናንት ማታ የተጠጣ አልኮል፣ የእንቅልፍ እጦት፣ ጉንፋን፣ ከቆላ ወደ ደጋ መውጣት፣ የተለኩበት ሁኔታ (ተኝቶ ወይስ ቆሞ) ሁሉም ቁጥሩን ያናውጡታል፡፡ ስለዚህ ተመራማሪዎች የሰባት ቀን አማካይ ይመርጣሉ፤ አንድን ሰው የሚያወዳድሩትም ከራሱ ጋር እንጂ ከጎረቤቱ ጋር አይደለም፡፡ በብርሃን የሚሠራው የእጅ ሰዓት ደግሞ እጅ ሲወዛወዝ ስህተቱ ይጨምራል፡፡ ከሁሉም የሚከፋው፣ የልብ ምት ሥርዓት መዛባት ያለበት ሰው በመሣሪያው ላይ “እጅግ ከፍተኛ መለዋወጥ” ሊያስመዘግብ መቻሉ ነው፡፡ ኢ.ሲ.ጂ. የሚያነብ ሐኪም ከሌለ በሽታው እንደ ብቃት ሊነበብ ነው!

ወደ እግር ስንመጣ ሕጉ ይገለበጣል፡፡ በአረማመድ ላይ ከእርምጃ እርምጃ ያለው የጊዜ ልዩነት ሲበዛ አስጊ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2001 ሃውስዶርፍና ባልደረቦቹ ዕድሜያቸው ከ70 በላይ የሆነ 52 ሰዎችን ለአንድ ዓመት ተከታትለው ነበር፡፡ በዓመቱ ውስጥ የወደቁት ሰዎች የእርምጃ ጊዜ ልዩነት በአማካይ 106 ሚሊ ሰከንድ ሲሆን፣ ያልወደቁት 49 ነበር፡፡ ማለትም ልብ እንዲለዋወጥ እንፈልጋለን፣ እግር እንዲረጋ፡፡ እኔን ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ይኸው ተቃርኖ ነው፤ “ብዙ ቁጥር ጥሩ፣ ትንሽ ቁጥር መጥፎ” በሚል ለሚሸጥ መሣሪያ ጥሩ መልስ ነውና፡፡

አረማመድና አሯሯጥ የሚለካው በወለል ላይ በሚቀበር የኃይል መለኪያ ሰሌዳ፣ በካሜራ፣ አሁን ደግሞ ጫማና ወገብ ላይ በሚደረግ አነስተኛ የፍጥነት ለውጥ መለኪያ ነው፡፡ እኛን የሚመለከት አንድ ክርክርም ከዚሁ ተወልዷል፡፡ አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ከገባ ወዲህ “ባዶ እግር ይሻላል” የሚል ወገን ጠፍቶ አያውቅም፡፡ በ2010 ሊበርማን የተባለው የሃርቫርድ ተመራማሪ፣ ባዶ እግር የለመዱ ሯጮች ብዙ ጊዜ በእግራቸው ፊት እንደሚያርፉና ድንጋጤውም እንደሚቀንስላቸው ሲጽፍ ወገኑ ጨፈረ፡፡ ሦስት ዓመት ሳይሞላ ግን በሰሜን ኬንያ 38 ዳሰነቾች ተለኩ (ዳሰነች በእኛም ኦሞ ያለ ሕዝብ ነው)፡፡ በሚመቻቸው ፍጥነት ሲሮጡ አብዛኞቹ ያረፉት በተረከዝ ነበር፡፡ ፍጥነት፣ ልምድና መሬት ሁሉም ይገባሉና፣ አንድ “ትክክለኛ” አሯሯጥ አለ ብሎ መማል አስቸጋሪ ሆነ፡፡ ኃይሌ ገብረ ሥላሴም ደብተር ይዞ ወደ ትምህርት ቤት ሲሮጥ ያደገበት ግራ ክንዱ እንደታጠፈ ነው የዓለም ክብረ ወሰኖችን የሰበረው፡፡ ሚዛን ፈላጊ ኮምፒዩተር ቢያየው “ይታረም” ባለ ነበር፡፡

እኔ የሕግ ሰው ነኝና ልብና እግሩ የተለካው ሰው የቁጥሩ ባለቤት ማነው የሚለውን ሳላነሳ አላልፍም፡፡ በአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ሊግ ተጫዋቾች ማኅበር በ2017 በጸናው የኅብረት ስምምነት፣ ከሚለበስ መሣሪያ የተገኘ መረጃ በኮንትራት ድርድር ላይ እንዳይነሳ አስከልክሏል፤ የጣሰ ክለብ እስከ 250,000 ዶላር ይቀጣል፡፡ የጎዳና ሯጭ ግን በአብዛኛው ለብቻው ከማናጀርና ከጫማ አምራች ጋር የሚዋዋል ነው፡፡ የማለዳ ቁጥሩ ለሁለት ሳምንት ያሽቆለቆለ አትሌት፣ ቁጥሩን አሠልጣኙ ቢያየው እረፍት ያገኝበታል፤ ስፖንሰሩ ቢያየው ኮንትራቱ ሊያጥርበት ይችላል፡፡

በአገራችን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹት ውስጥ መድቦታል፤ ወደ ውጭ አገር ስለሚተላለፍ መረጃም ደንግጓል፡፡ ሰዓቱ ሱሉልታ ላይ ቢለካም መረጃው የሚቀመጠው ባሕር ማዶ ባለ ኮምፒዩተር ላይ ስለሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፡፡ በእኔ አስተያየት ፈቃድ ማለት ስልክ ላይ “እስማማለሁ” የሚለውን መጫን ሊሆን አይገባም፤ በተለይ ቋንቋው ለፈራሚው በማይገባበት ጊዜ፡፡ አትሌቱ የሚፈርመው ውል ቢያንስ ቁጥሩን ማን እንደሚያይ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይና ማናጀር ሲቀየር ከማን ጋር እንደሚቀር በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ተጽፎ ሊሰጠው ይገባል፡፡