«የጋራ ሕንፃ» አለን፤ የጋራ ሰፈርስ?

አማርኛ ከውጭ የተዋሰውን ቃል እንዳለ ተቀብሎ አይቀመጥም፤ ያገላብጠዋል፣ አንዳንዴም ጨርሶ ይገለብጠዋል። «ኮንዶሚኒየም» ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን ጥሬ ፍቺው «የጋራ ጌትነት» ማለት ነው። በብዙ የዓለም ከተሞች ይህ ስም ሲነሣ ወደ አእምሮ የሚመጣው መስተዋት የለበሰ ፎቅ፣ በር ላይ የቆመ ዘበኛና አንገት የሚያስደፋ ዋጋ ነው። በአዲስ አበባ ግን ኮንዶሚኒየም ማለት ምዝገባ ነው፤ ቁጠባ ነው፤ ዕጣ ነው። በመሐል ከተማ ለባለጸጋ ፎቅ የሚሸጥ ነጋዴ በማስታወቂያው ላይ «ኮንዶሚኒየም» ብሎ አይጽፍም፤ «የቅንጦት አፓርታማ»፣ «ሬዚደንስ»፣ «ታወር» ይላል እንጂ። በሕግ ዓይን ግን የዕጣው ቤትና የባለጸጋው አፓርታማ አንድ ናቸው። የሁለቱም መሠረት የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ነው።

በዚህ ጽሑፍ ላነሣው የምፈልገው ጥያቄ አንድ ነው። በፒያሳ፣ በካዛንቺስ ወይም በለገሃር መሐል አንድ ቅንጡ አፓርታማ ሲሸጥ በእርግጥ የሚሸጠው ምንድን ነው? ሲሚንቶው፣ ብረቱና አሳንሰሩ በከተማው ዳርቻ ቢተከሉም ያው ናቸው። ዋጋውን የሚያንረው ቦታው ነው፤ የቦታው ስም ነው። ያንን ስም ማን ሠራው? የሠራውስ ሰው ከሽያጩ ምን ደረሰው? መልሱን ለማግኘት ወደ ኋላ ሄዶ የሰፈርን ታሪክ መመርመር ግድ ይላል።

ሰፈር፡ የጦር ቃል

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር በፕላን የተሠራች ከተማ አልነበረችም። ቤተ መንግሥቱ በኮረብታው ላይ ተተከለ፤ መኳንንቱና የጦር አለቆቹም በዙሪያው ያለውን ጉብታ እየያዙ ከነሠራዊታቸው ሰፈሩ። «ሰፈር» የሚለው ቃል ራሱ የመጣው ከዚሁ ከጦር አሰፋፈር ነው። የራስ ብሩ ሰፈር፣ የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሰፈር፣ የደጃዝማች ውቤ ሰፈር እየተባለ በአለቃው ስም ተጠራ፤ ሠራተኛ ሰፈርና ዘበኛ ሰፈር ደግሞ በነዋሪው ሥራ ተሰየሙ።

የአሰፋፈሩ ጠባይ ለኋላው ታሪክ መሠረት ስለሆነ ልብ ሊባል ይገባዋል። ጌታው ከጉብታው ራስ ላይ ይቀመጣል፤ ወታደሩ፣ ባልደራሱ፣ ጠጅ ጣዩና እንጀራ ጋጋሪዋ ከሥሩ ጎጆ ይቀልሳሉ። ሀብታምና ድሃ በአንድ አጥር ይዋሰናል። ይህ የሆነው በፍቅር አይደለም፤ በአገልግሎት ነው። ሎሌው የተቀመጠበት መሬት የጌታው እንጂ የራሱ አልነበረም። ቢሆንም ሀብታሙ ከድሃው ርቆ የማይኖርባት ከተማ በዚህ መንገድ ተወለደች።

አራዳ ደግሞ የዚህች ከተማ ገበያ ነበር። በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የአገሬው ገበሬና ነጋዴ ከህንዱ፣ ከአርመኑና ከግሪኩ ሱቅ ጋር ተገናኘ። እቴጌ ጣይቱ ሆቴላቸውን የከፈቱት እዚሁ ነው። በ1900 ዓ.ም. ገደማ ዐፄ ምኒልክ የከተማ ቦታ በግል እንዲያዝ፣ እንዲሸጥና እንዲለወጥ በሕግ ሲፈቅዱ መሬቱ ዋጋ አገኘ። ባለመሬት የሆኑት ግን በዋናነት መኳንንቱና ቤተ ክርስቲያን ነበሩ። የቀረው የከተማ ሰው ከጭሰኛ ወደ ተከራይ ተሸጋገረ ቢባል ብዙ ስህተት አይሆንም።

ያልተሳካው የፋሺስት ፕላን

በ1928 ዓ.ም. ከተማይቱን የያዘው ፋሺስት ጣልያን ይህን ድብልቅ አሰፋፈር ሲያይ እንደ ነውር ቆጠረው። ነጩ ከጥቁሩ ተለይቶ የሚኖርበት ፕላን አስወጣ። ገበያውን ከአራዳ ነቅሎ ወደ ምዕራብ፣ ወደ አዲስ ከተማ ወሰደው፤ የዛሬው መርካቶ ያኔ «የአገሬው ሕዝብ ገበያ» ተብሎ የተከለለው ነው። ገበያ የተነቀለበት አራዳም «ፒያሳ» የሚል ስም ወጣለት።

የካዛንቺስ ስም ከዚሁ ዘመን የተረፈ ነው። ስሙ ሁለት ቃላት ተዋሕደው የፈጠሩት ሲሆን፣ የመጀመሪያው በጣልያንኛ «ቤቶች» ማለት ነው፤ «ኢንቺስ» ደግሞ ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ይሠራ የነበረው የጣልያን ተቋም ምሕጻር ነው። እንግዲህ ካዛንቺስ ከጥንቱም የቤት ልማት ድርጅት ስም ነበር፤ የአገሬው ሰው እንዳይኖርበት የታሰበ የቅኝ ገዢ ሹማምንት መንደር!

ነገር ግን ፕላኑ ሳይፈጸም በ1933 ዓ.ም. ጌታው ተባረረ። ስሙ ቀረ፤ አጥሩ ፈረሰ። በካዛንቺስ የጣልያን ቪላዎች ጎን የጭቃ ቤቱ በቀለ፤ ሻይ ቤቱ፣ ጠጅ ቤቱ፣ ሙዚቃ ቤቱ ተከተለ። ፒያሳም ከሲኒማው፣ ከወርቅ ቤቱና ከኬክ ቤቱ ጀርባ እሪ በከንቱንና ዶሮ ማነቂያን አቅፋ ኖረች። በዘር ለመለየት የተነደፈችው ከተማ በኑሮ ተቀላቀለች።

የሐምሌው አዋጅ

ቀጣዩ ታላቅ ለውጥ ሐምሌ 1967 ዓ.ም. መጣ። አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ፤ ከዚያ በላይ የሆኑትን የኪራይ ቤቶች መሥሪያ ቤት ወሰዳቸው። ኪራይ ተቀነሰ፤ የአከራይና የተከራይ ግንኙነት በሕግ ተሻረ ተባለ።

ይህ አዋጅ ሁለት ተቃራኒ ውጤቶች ነበሩት ብዬ አምናለሁ። በአንድ በኩል ድሃውን በመሐል ከተማ አጸናው። ኪራዩ ጥቂት ብር ሆኖ ለዐሥርት ዓመታት ሳይንቀሳቀስ ስለቆየ፣ የሊስትሮው፣ የጉልት ቸርቻሪዋና የጡረተኛው ልጆችና የልጅ ልጆች በፒያሳና በካዛንቺስ ለመኖር ቻሉ። አያት የገባችበት ዕድር የልጅ ልጇን ሠርግ ደገሰ። በሌላ በኩል ግን ቤቱን ማንም የማይጠግነው የማንም ያልሆነ ንብረት አደረገው። ቀበሌው ገንዘብ የለውም፤ ተከራዩ መብት የለውም። ጣሪያው አረጀ፤ ግድግዳው ዘመመ፤ ዐሥራ ምናምን ቤተሰብ በአንድ መጸዳጃ ተሰለፈ። ይህን ድህነት በናፍቆት ቀለም ቀብቶ «ደጉ ዘመን» ማለት በሌላው ሰው ችግር መቀለድ ነውና አላደርገውም።

ዋናው ነጥብ ሌላ ነው። አዋጁ ነዋሪውን ከአከራዩ አላቀቀው እንጂ ባለቤት አላደረገውም። ከሎሌነት ወደ ተከራይነት፣ ከተከራይነት ወደ ቀበሌ ተከራይነት ተዛወረ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ሲል ይህንኑ አጸናው። «የሕዝብ» የሚለው ቃል በወረቀት ላይ እጅግ ሰፊ ነው፤ በአንድ ቀበሌ ቤት በር ላይ ሲደርስ ግን ምን ያህል እንደሚጠብ ዘመኑ አሳይቶናል።

ዕጣ ወደ ዳር፣ ዋጋ ወደ መሐል

ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ በመንግሥት የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሥራ ለብዙ ሺህ ቤተሰብ የራሱን ቁልፍ አስጨብጧል። ይህን ውለታ መካድ አይገባም። የግቢዎቹ ነዳፊዎች እንጀራ የሚጋገርበት፣ በግ የሚታረድበት የጋራ መጠቀሚያ ቤት ማሰባቸውም ያስመሰግናል። ሆኖም መሬት በሚረክስበት በከተማው ዳርቻ በብዛት ተገነቡ፤ ጎረቤትንም የመረጠው ዕጣ ነው። ዕጣ ዓይነ ስውር ስለሆነ ፍትሐዊ ነው ይባላል፤ ዓይነ ስውር በመሆኑም ነው የሠላሳ ዓመት ጎረቤታሞችን አንዱን ወደ ምሥራቅ፣ አንዱን ወደ ደቡብ የበተነው።

መሐሉ ለሌላ ገበያ ተዘጋጀ። በ2011 ዓ.ም. በለገሃር፣ በአሮጌው የባቡር ጣቢያ አካባቢ፣ 36 ሄክታር የሚሸፍን የመኖሪያና የንግድ መንደር በአንድ የኤሚሬትስ ኩባንያ እንደሚገነባ በይፋ ተበሠረ። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሥራ የፒያሳ ዶሮ ማነቂያና እሪ በከንቱ መፍረስ ጀመሩ። በ2017 ዓ.ም. ተራው የካዛንቺስ ሆነ፤ ከተነሡት ነዋሪዎች ብዙዎቹ ወደ ገላን ጉራ ሄዱ። በዚያው ዓመት የውጭ አገር ዜጋ ቢያንስ 150 ሺህ ዶላር አውጥቶ የቤት ባለቤት እንዲሆን የሚፈቅድ አዋጅ ጸደቀ። በዋሽንግተንም ሆነ በዱባይ ለሚኖረው ወገናችን የሚቀርበው ማስታወቂያም «በመሐል ፒያሳ»፣ «በካዛንቺስ እምብርት» እያለ ያባብለዋል። ገዢውን አልወቅስም፤ በአገሩ ቤት እንዲኖረው መመኘት የማንም ሰው ምኞት ነው። ግን የሚገዛው ስም የማን ድካም እንደሆነ ማወቅ ይገባዋል።

ሕጉ የሚያየውና የማያየው

ወደ አዋጅ ቁጥር 370/1995 ልመለስ። ይህ ሕግ የሚያስደንቅ ጥበብ አለው። እያንዳንዱ ባለቤት የራሱ ክፍል ይኖረዋል፤ ደረጃው፣ መተላለፊያው፣ ጣሪያውና የቆመበት ቦታ ግን የሁሉም ነው። ማንም ድርሻዬን ደረጃ ቆርሼ ልውሰድ ሊል አይችልም። ባለቤቶቹም ማኅበር አቋቁመው የጋራውን በጋራ ያስተዳድራሉ። በአጭሩ፣ ሕጉ «ያለ ጋራው የግሉ ዋጋ የለውም» ብሎ አምኗል።

ታዲያ ይህ እውነት ለሕንፃ ከሠራ ለሰፈር ለምን አይሠራም? ሰፈርም እኮ ደረጃና መተላለፊያ አለው። ዕድሩ፣ ማኅበሩ፣ ቡና የሚጠጣበት ደጅ፣ ልጅ የሚጠበቅበት ጠባብ መንገድ፣ በዱቤ የሚሸጠው ሱቅ የሰፈር የጋራ አካላት ናቸው። ፒያሳን ፒያሳ ያሰኛት የእነዚህ ድምር ነው።

ሕጉ ይህን ፈጽሞ አያውቅም እንዳይባል፣ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የካሳ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥ ካሳ እንዲከፈል ደንግጓል። ባለይዞታዎችም መሬታቸውን በግልም ሆነ በቡድን ራሳቸው የማልማት ቅድሚያ መብት እንዳላቸው ይናገራል። መልካም ነው። ግን ሁለት ቀዳዳዎች ይታዩኛል። አንደኛ፣ የቀበሌ ቤት ነዋሪ ባለይዞታ አይደለም፤ ለእርሱ የተሰጠው ምትክ የቀበሌ ቤት መከራየት ወይም ኮንዶሚኒየም መግዛት ነው፤ በቦታው የመቆየት መብት አይደለም። ሁለተኛ፣ ሕጉ ትስስርን የሚያውቀው ሲቆረጥ ነው። የመበጠሱን ዋጋ ይተምናል፤ እንዳይበጠስ የሚጠብቅበት አንቀጽ ግን የለውም።

«ከተማ አይደግ ወይ?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይደግ። ፎቅም ይሠራ። ከሚያፈስ ጣሪያ ሥር የሚኖር ሰው ከማንም በፊት አዲስ ቤት ይሻል። ጥያቄው ቤቱ የት፣ ከማን ጋር የሚለው ነው። ይህን ለመመለስ ደግሞ ሦስት ነገሮች ይበቃሉ ባይ ነኝ።

አንደኛ፣ በነባር ሰፈር ለሚሠራ ማንኛውም ቅንጡ ሕንፃ መሬት ሲሰጥ፣ ከወለሎቹ የተወሰኑት እዚያው ለነበሩት ነዋሪዎች በሚችሉት ዋጋ እንዲመደቡ በውሉ ይግባ። ይህ ሕልም አይደለም፤ በ2011 ዓ.ም. የለገሃሩ ሥራ ሲጀመር በቦታው ለነበሩ 1,600 ያህል አባወራዎች ቤት እዚያው እንደሚሠራላቸው በአደባባይ ተነግሮ ነበር። በአንድ ቦታ ሊታሰብ የቻለ ነገር በሁሉም ቦታ ሕግ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ሰው መነሣቱ ግድ ከሆነ በዕጣ ሳይሆን በዕድር ይነሣ፤ ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር አንድ ሕንፃ ይግባ። ሦስተኛ፣ የሰፈርና የመንገድ ስም እንደ ቅርስ ተመዝግቦ ይጠበቅ፤ ሰውን አንሥቶ ስሙን ብቻ ማስቀረት ግን ቅርስ መጠበቅ አይባልም።

ታሪክ ያስተማረኝን በአጭሩ ልናገር። አዲስ አበባ ሀብታምና ድሃ በአንድ አጥር የሚዋሰኑባት ከተማ ሆና ከመቶ ዓመት በላይ ኖራለች። መነሻው ፍትሕ ባይሆንም ውጤቱ አንዱ የሌላውን ልቅሶ የሚሰማበት ኑሮ ነበር። ፋሺስት ይህን በፕላንና በአዋጅ ሊለያይ ሞክሮ በአምስት ዓመት አልተሳካለትም። ያ የከሸፈ ዕቅድ አሁን ያለ አዋጅ፣ ያለ ወታደር፣ በካሬ ሜትር ዋጋ ብቻ ሊፈጸም ይችላል። የፋሺስቱ አጥር በዘር ነበር፤ የዛሬው በገንዘብ ነው፤ ከውጭ ለቆመው ሰው ግን በሩ ያው የተዘጋ በር ነው።

ስለ ደረጃና ስለ ጣሪያ «የጋራ ነው» ብለን ሕግ ለመጻፍ የበቃን ሰዎች ስለ ሰፈርም እንዲሁ ብለን መጻፍ አያቅተንም።

ቸር እንሰንብት።