አሊ በኖርተን ሚዛን

ስለ መሐመድ አሊ ወሬ ሲነሣ ከሰው ሁሉ አፍ ቶሎ የሚወጡት ሁለት ስሞች ናቸው፤ ፎርማንና ፍሬዘር። እ.ኤ.አ. በ1974 ኪንሻሳ ላይ ያንን ግዙፍ ጆርጅ ፎርማንን በስምንተኛው ዙር በዝረራ መጣሉ፣ በ1975 ማኒላ ላይ ከጆ ፍሬዘር ጋር 14 ዙር ሙሉ ተያይዞ ማሸነፉ እንደ ተረት ይተረካል። ይተረክ እንጂ፣ ማን ይከለክላል! ነገር ግን አንድን ሰው በታሪክ ሚዛን ላይ አስቀምጠን እንመዝን ካልን፣ የደመቀለትን ቀን ብቻ እየመረጥን መቁጠር የሠርግ ዘፈን እንጂ ታሪክ አይሆንም። ሰው የሚመዘነው በማይመቸው ነገር ነው። ለአሊ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ያልተመቸው ሰው ፎርማንም ፍሬዘርም አልነበረም፤ ኬን ኖርተን ነበር።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከመጀመሪያው እንነሣ። ኖርተን በ1943 ኢሊኖይ ውስጥ ጃክሰንቪል በምትባል ከተማ ተወለደ። ቡጢ የተማረው በአሜሪካ ማሪን ጦር ውስጥ ወታደር ሳለ ነው። አሊ ለጦርነት አልመለመልም ብሎ የሻምፒዮንነት ማዕረጉን በተነጠቀበት በ1967 ኖርተን ከጦሩ ወጥቶ የፕሮፌሽናል ቡጢ ጀመረ። ለብዙ ጊዜ የሚያውቀው ሰው አልነበረም። ለፍሬዘር የልምምድ ባላጋራ ሆኖ ቡጢ እየተቀበለ ሙያውን ተማረ። አሠልጣኙ ኤዲ ፈች የሚባል ረጋ ያለ፣ ዐይኑ የማይስት ሰው ነበር። ይህን ስም አንባቢ ያዝ ያድርግልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ማርች 31 ቀን 1973 ሁለቱ ሳንዲያጎ ላይ ተገናኙ። አሊ በ1971 በፍሬዘር ከተሸነፈ ወዲህ ወደ ዙፋኑ የሚመለስበትን መንገድ እየፈለገ ነበር። ኖርተንን በመንገዱ ላይ እንዳለች ትንሽ ዳገት ቆጠረው፤ በቅጡም አልተዘጋጀለትም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ! 12 ዙር ሲያበቃ ከሦስቱ ነጥብ ሰጪዎች ሁለቱ ለኖርተን ፈረዱ። አሊ ከመድረክ ወርዶ የሄደው ወደ ሆስፒታል ነው። መንጋጋው ተሰብሮ ነበርና ቀዶ ሕክምና ተደረገለት።

ታዲያ ምኑ ነው እንዲህ ያስቸገረው? ኖርተን እኮ እንደ ፎርማን ክንደ ብረት አልነበረም፤ እንደ ፍሬዘርም እሳት ሆኖ አይንቀለቀልም። መልሱ ያለው በአሊ ጨዋታ ውስጥ ነው። የአሊ ጨዋታ በርቀት ላይ የቆመ ነው። በግራ እጁ ቡጢኞች ጃብ የሚሉትን ቀጥተኛ ምት ይሰነዝራል፤ ባላጋራው ሲመልስለት አንገቱን ወደ ኋላ ሳብ ያደርጋል፤ ቡጢውም አየር መትቶ ይቀራል። ፈች ይህንን አጥንቶ ለኖርተን የሰጠው ትምህርት ቀላል ነበር። አሊ እስኪሰነዝር ጠብቀህ አትመልስ፣ አብረኸው ሰንዝር፤ የእሱ ቡጢ በተዘጋጀው በቀኝ መዳፍህ ላይ ያርፋል፣ ያንተ ግን ፊቱን ያገኘዋል። ከዚያ ወዲያ አትቁም፤ ወደ ገመዱ ግፋው የሚል ነበር። በዚህ ላይ ኖርተን ክንዶቹን ደረቱ ላይ አጣምሮ፣ የኋላ እግሩን እየጎተተ የሚመጣ፣ ምቱ በየት በኩል እንደሚነሣ የማያስታውቅ ሰው ነበር። ዳንሰኛ ከበሮው ሲዛነፍበት ምን ይሆናል? አሊም እንደዚያው ሆነ።

እዚህ ላይ የታሪክ ተማሪን ቆም የሚያሰኝ ጥያቄ አለ። መንጋጋው የተሰበረው በስንተኛው ዙር ነው? በአሊ ጥግ የነበሩት ሰዎች በሁለተኛው ዙር ነው ይላሉ። ኖርተን ደግሞ የለም፣ ወደ መጨረሻው ነው ብሎ ተከራክሯል። ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። በሁለተኛው ከሆነ አሊ በተሰበረ መንጋጋ አሥር ዙር ቆሞ የታገለ ጀግና ነው፤ ሽንፈቱም ከድል ይቆጠርለታል። በመጨረሻው ከሆነ ግን ኖርተን አንድ ሙሉ፣ ጤነኛ አሊን በሙያ በልጦ አሸንፏል ማለት ነው። አንዲት አጥንት የተሰበረችበት ደቂቃ የሁለት ሰዎችን ስም ትወስናለች! ሁለቱም ምስክሮች ባለጉዳዮች ናቸው፤ እያንዳንዱ የሚናገረው ለወገኑ በሚያዋጣ በኩል ነው። እንግዲህ ዝነኛው የተናገረው ሁሉ እውነት፣ ያልዘነጠው የተናገረው ሁሉ ቅናት እየተባለ የተጻፈ ታሪክ ስንት ይሆን?

እሺ፣ የአሊን ወገን ቃል እንቀበልና በሁለተኛው ነው እንበል። ያን ጊዜ ሌላ ጥያቄ ይመጣል፤ አጥንቱ የተሰበረን ሰው አሥር ዙር ሙሉ ማስደብደብ ጀግንነቱ የማን ነው? አሊ አታቁሙብኝ ብሏል ይባላል። ማኒላ ላይ ፍሬዘርም እንደዚሁ አታቁሙብኝ ብሎ ነበር። ዐይኖቹ አብጠው ማየት ተስኖት ሳለ ከ15ኛው ዙር በፊት በቃህ ብሎ ያስቀመጠው ያው ኤዲ ፈች ነው። ፍሬዘር ተሸነፈ፤ ነገር ግን በሕይወት ወደ ቤቱ ገባ። እኛ ወንበር ላይ ተቀምጠን «ቻለው፣ ቻለው!» ብለን የምናጨበጭብለት ነገር ዋጋው በሌላ ሰው ገላ ላይ እንደሚከፈል የፈች ሥራ ያስታውሰናል። አሊ በፓርኪንሰን በሽታ መያዙ የታወቀው በ1984 ነው። በሽታው ከቡጢ ብቻ መጣ ለማለት ሐኪም መሆን ይጠይቃል፤ ብዙ ቡጢ መቀበል ለማንም እንደማይበጅ ለማወቅ ግን ሐኪም መሆን አያሻም።

ወደ ጨዋታው እንመለስ። ለአሊ ሊመሰገን የሚገባው ቀጥሎ ያደረገው ነው። ሌላው ሻምፒዮን ቢሆን እንዲህ ያለውን ሰው በሩቁ ሸሽቶት ይኖር ነበር። አሊ ግን ስድስት ወር ሳይሞላ፣ ሴፕቴምበር 10 ቀን 1973 ካሊፎርኒያ ኢንግልዉድ ላይ ዳግመኛ ገጠመው። ወደ 4 ኪሎ ያህል ክብደት ቀንሶ፣ እግሩን አሠልጥኖ መጣ። በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ዞረበት፣ ጨፈረበት። መካከል ላይ እግሩ ሲዝል ኖርተን ደረሰበት። የመጨረሻውን ዙር አሊ ያለ የሌለ ኃይሉን አውጥቶ ተዋጋ፤ ውጤቱም ሁለት ለአንድ ሆነ፣ አሁን ግን ለአሊ።

ሦስተኛው ሴፕቴምበር 28 ቀን 1976 ኒውዮርክ ያንኪ ስታዲየም ውስጥ ነበር። አሊ ያን ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ነው። በዚያ ምሽት የከተማው ፖሊሶች ሰላማዊ ሰልፍ ላይ ስለ ነበሩ ውጪው ትርምስ ነበር። ውስጥ ደግሞ 15 ዙር ሙሉ አንዱ አንዱን ሳይጥል ቀረ። ከኖርተን ጥግ ያሉት ሰዎች እየመራህ ነው፣ ተጠንቀቅ ብለውት የመጨረሻውን ዙር ቆጠብ ብሎ ተጫወተ። ነጥቡ ሲነበብ ሁለቱ ዳኞች 8 ለ7፣ ሦስተኛው 8 ለ6 በአንድ እኩል፣ ሁሉም ለአሊ! ኖርተን እያለቀሰ ወጣ። በሁለት ዳኞች ወረቀት ላይ አንዲት ዙር ብትዞር ኖሮ የዓለም ሻምፒዮን እሱ ነበር። ያን ምሽት ያሸነፈው ኖርተን ነው የሚሉ ሰዎች ዛሬም ብዙ ናቸው።

እስቲ እንደምረው። ሦስት ግጥሚያ፣ 39 ዙር፣ ዘጠኝ የዳኛ ድምፅ፤ ስድስቱ ለአሊ፣ ሦስቱ ለኖርተን። በ39 ዙር ውስጥ አሊ የኖርተንን እንቆቅልሽ አልፈታም። አጠገቡ ደርሶ አለፈው እንጂ አልፈታውም።

ሁለት መከራከሪያ እንደሚነሣ ዐውቃለሁ። አንደኛው፣ ፎርማን በማርች 1974 ካራካስ ላይ ኖርተንን በሁለተኛው ዙር አፈረሰው፤ አሊ ደግሞ ፎርማንን ጣለው፤ ስለዚህ ኖርተን ምንም አይደለም የሚል ነው። ይኸ የሱቅ ሒሳብ ነው። ኖርተን ወደ ፊት ሲሄድ አንበሳ፣ ወደ ኋላ ሲገፉት ግን ተራ ሰው ነበር። ፎርማን ገፋው፤ አሊ ግን መግፋት ባሕርዩ አልነበረም። ሰው በሰው እንደ ኩንታል ጤፍ አይመዘንም። ሁለተኛው፣ ከ1967 እስከ 1970 ከቡጢ ታግዶ የቆየው አሊ እግሩ ባይከብድ ኖሮ ኖርተንን ይጫወትበት ነበር የሚል ነው። ምናልባት። ነገር ግን ያ አሊና ይህ ኖርተን አንድ መድረክ ላይ ወጥተው አያውቁም፤ ያልሆነውን ነገር መመዝገብ የታሪክ ሥራ አይደለም። ለጦርነት እምቢ ማለቱ ደግሞ የራሱ ሚዛን አለው፤ በ1971 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጥፋተኝነቱን ሽሮለታል። ያ ክብር የማንም ቡጢ ድጋፍ አያስፈልገውም፤ የያንኪ ስታዲየሟን አንዲት ዙር ማካካሻም አናድርገው።

እንግዲህ ፍርዴ ይኸ ነው። አሊ ታላቅ ነው፤ ታላቅነቱ ግን ማንም አልቻለውም በሚለው ተረት አይደለም። አንድ የቻለው ሰው ነበረና ያንን ሰው ሁለት ጊዜ ተመልሶ መግጠሙ ነው ታላቅነቱ። ይህንን ስንል ደግሞ የኖርተንን ድርሻ መክፈል አለብን። ኖርተን በ1978 የዓለም ቦክስ ምክር ቤት ሻምፒዮን ብሎ ሰየመው እንጂ በመድረክ ላይ የዓለም ማዕረግ ግጥሚያ አንድም ጊዜ አላሸነፈም፤ በፎርማን፣ በአሊ፣ በላሪ ሆምስ ተሸንፏል። መዝገቡን ብቻ የሚያነብ ሰው ተሸናፊ ይለዋል። ነገር ግን ያለ እሱ የአሊ ልክ አይታወቅም። ሚዛን ራሱ አይመዘንምና ተረሳ።

በ1986 ኖርተን በመኪና አደጋ ክፉኛ ቆስሎ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ቀና ሲል ከአልጋው አጠገብ አሊ ቆሞ ሊያሥቀው የምትሐት ጨዋታ ሲያሳየው እንዳየ ራሱ ኖርተን ተናግሯል። ኖርተን በ2013፣ አሊ በ2016 ዐረፉ። ማን እንዳሸነፈ ስንከራከር የቀረነው እኛ ነን።